ጌሾና ቡና፣ በአንዲት ጠባብ ጓሮ

ሰኔ ሲገባ የችግኝ ጣቢያችን በር ይጣበባል። መሬቱ ለስልሷል፤ የሰኔ 12 ሚካኤልም ደርሷል። ገበሬው ሩዙ ውስጥ ገብቶ ፋታ ከማጣቱ በፊት ጓሮው ላይ አንድ ነገር መትከል ይፈልጋል። አምና በዚህ ጊዜ ከፎገራ ሜዳ፣ ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንዲት እናት መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ በአንድ እጃቸው የጌሾ፣ በሌላው የቡና ችግኝ ይዘው፣ «ልጄ፣ ቦታዬ ጠባብ ናት። የትኛው ይሻለኛል?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ነሐሴ ላይ ከቤትዎ ጀርባ ውሃ ይተኛል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «በአጥሩ በኩል ይተኛል። በደጁ በኩል ሲዘንብ ይወርዳል እንጂ አይተኛም» አሉ።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ የጀመርኩት ብዙ ችግኝ ካስጠፋሁ በኋላ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቡና ለማዳረስ ቸኩዬ ነበር። ቡና ክብር ያለው ተክል ነው፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ደስ ይለዋል። ከሜዳው ላሉ ቤቶች ሁሉ ሦስት ሦስት፣ አምስት አምስት እያልኩ አደልኩ። መስከረም ላይ ዞሬ ሳይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ፣ እንደተጠማ ተክል ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። አንድ አባወራ ውሃ ያነሰው መስሏቸው በዚያ ጭቃ ላይ ጠዋት ማታ ያጠጡት ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የሚያየው ዓይን ጥም ነው የሚለው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የቡና ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውሃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል።

የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ አፈር እየጠረጉ ወርደው፣ ጣና ከመግባታቸው በፊት እዚሁ ያራግፉታል። ዋልካው በክረምት ያብጣል፣ ውሃውን ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ይህ ጠባዩ ነው ሩዝን እዚህ ያነገሠው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቡና ግን ሁለት ጊዜ ጠላት ነው። ነሐሴ ላይ ያፍነዋል። የካቲት ላይ ደግሞ፣ አብዛኛው ቀጭን ሥሩ ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥስበታል።

እኚያ እናት ይህን ስነግራቸው በቀላሉ አልተቀበሉኝም። «ዘጌስ? ለንግሥ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡናውም ጌሾውም ጎን ለጎን ነው ያለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዘጌ ሰዎች ሲናገሩ አቡነ በትረ ማርያም ለአገሩ የተከሉት ሦስት ተክል ነው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። በልማዱ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ሆኖ ኖሯል። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ለዘመናት የረገፈ ቅጠል በተከማቸበት አፈር ላይ ነው። ዘጌን የጣና ሐይቅ በሦስት ወገን ከብቦታል፤ ዝናቡም በተዳፋቱ ወርዶ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ አይተኛም። ዘጌና ቁሐር ሚካኤል ሁለቱም በጣና ዙሪያ ቢሆኑም ለቡና ሥር አንድ አገር አይደሉም።

ሁለቱን ችግኞች ተቀብዬ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩና መዳፌ ላይ አኖርኳቸው። ሁለቱም ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ናቸው፤ እንደ ብሳና በበጋ አይራቆቱም። ሁለቱም ዘይት እንደተቀባ ያንጸባርቃሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ልዩ ናቸው። የቡና ቅጠል ግንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ጠርዙ እንደ ማዕበል ይዋዥቃል። የጌሾ ቅጠል አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ ጣት የሚሰማው ደቃቅ ጥርስ አለው፣ ጅማቶቹም በላይኛው ገጽ ሰርጎድ ያሉ ናቸው። እሳቸው የጌሾውን ቅጠል ነክሰው «ይኸስ ያውቀኛል» አሉ። መራራነቱ ነው ሀብቱ።

ጌሾን የሚያውቀው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። እስከ ደቡብ አፍሪካና ሌሶቶ ድረስ በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ ይበቅላል። እዚያ ለአጥርና ለጓሮ ጌጥ ይተክሉታል፤ ቤትን ከመብረቅ ይጠብቃል ብለው የሚያምኑም አሉ። መጠጥ ውስጥ ገብቶ የቤት ሙያ የሆነው ግን እኛ ዘንድ ነው። ቅጠሉ ደርቆና ተወቅጦ ለጠላው ጥንስስ፣ እንጨቱ ተከትክቶ ለጠጅ። በወር በወሩ የሚካኤል ማኅበር በሚጠጣበት፣ ኅዳር 12 ቀን ደግሞ እንግዳ ቤት በሚሞላበት ደብር፣ ጌሾ ከገበያ የምትገዛ ሴትና ከጓሮዋ የምትቆርጥ ሴት ወጪያቸው አንድ አይደለም።

ለእኔ ጌሾ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ቡና ከተተከለ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያም ካበበ በኋላ ፍሬው እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይወስዳል፣ በዓመት አንዴ ይለቀማል። ጌሾ በተመቸው ጓሮ በሁለተኛው ዓመት መቆረጥ ይጀምራል፤ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። የደብተር ዋጋ ሲያስፈልግ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ወረታ ገበያ ይወርዳል። ያ ገንዘብ ደግሞ የሚቋጠረው በእናት መቀነት ነው። ጠበብት ስለ ቡና ምርት ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ መቀነቷ ገንዘብ ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ይህ ማለት ጌሾ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። እርጥበት ይወዳል እንጂ ሥሩ ሳምንታት ውሃ ውስጥ ሲቆም እሱም ይሞታል። ባሕር ዛፍ ጎን ከተተከለ ይቀጭጫል። ዘሩም ለመብቀል ይዘገያል፤ ወፍ ሳይቀድመን ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ለቅመን፣ ሥጋውን አጥበን ዘርተንም መደቡን በትዕግሥት እንጠብቃለን። ከሁሉ የከፋው የእጃችን ጥፋት ነው፤ ዋጋ የጨመረ ሰሞን ቅርንጫፉን አንድ ሳያስቀሩ መላጨት። እኔ ሁልጊዜ ሲሶውን ተዉለት እላለሁ። ቅጠል የሌለው ጌሾ ሥሩን በምን ይመግባል?

በመጨረሻ ያቺን ጠባብ ቦታ ለሁለት ከፈልናት። ውሃ በሚተኛበት በአጥሩ በኩል ፈሰስ ተቀድዶ፣ የወጣው አፈር ጉልበት ድረስ እንደ መደብ ተቆልሎ፣ ሦስት ጌሾ ከላዩ። በደጁ በኩል፣ ከዋንዛዋ ጥላ ሥር፣ የበጋ የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት፣ አንድ ቡና። አንድ ብቻ። ለገበያ ሳይሆን ለቤት፤ ቡና በጓሮ ማየት ራሱ ደስታ ነውና ይህን ደስታ ለማንም ልከለክል አልፈልግም።

ጥር ላይ ሄጄ አየሁት። ቡናው የሩዝ ገለባ ተጎዝጉዞለታል፤ ገለባው ግንዱን እንዳይነካ ስንዝር ያህል ክፍት ትተዋል። ጌሾዎቹ ከወገቤ በታች ናቸው፣ ግን ጫፋቸው ለጋ ነው፤ አዲሱ ቅጠል ፀሐይ ላይ ያበራል። አንደኛው ብቻ፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ደክሟል። አፈሩን ገለጥ ሳደርግ ፈሰሱ እዚያ ጋ ተደፍኖ ኖሯል።

ዘንድሮ ግንቦት ማለቂያ በዚያው ሰፈር ሳልፍ እኚያ እናት ከጎረቤታቸው ጓሮ ውስጥ ናቸው። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ አስቆፍረው በእንስራ ውሃ ያስገለብጣሉ። ጎረቤቲቱ ውሃው ወዲያው ሲሰርግ አይታ «በቃ፣ ጠጣው፤ ቡና ይሆናል» አለች። እሳቸው ግን ቀና ሳይሉ «አይሆንም። የመጀመሪያውን የሚጠጣው ስንጥቁ ነው። ማታ ድጋሚ እንሞላዋለን፣ ጠዋት እናየዋለን» አሏት።