የለበስነውን ማን ሠራው?

በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የቤታችን ሁሉ ደንብ ነው። ነገር ግን የለበስነውን ነጠላ የሠራው ማን እንደ ሆነ፥ ለእርሱስ ምን ስም ስንሰጠው እንደ ኖርን ጠይቀን እናውቃለንን? ይህን ለማስታወስ እስኪ ወደ ቀድሞው ገበያ እንመለስ።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ቤተ መንግሥቱ በተራራው ራስ ላይ ነበረ። በኋላ ሕዝቡ ወደ ፍልውሃው ሜዳ በወረደ ጊዜ፥ ታላቁ ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ጸና። ቅዳሜ ቀን ከዙሪያው አገር የመጣው ሰው እህሉን፥ ማሩን፥ ቅቤውንና በርበሬውን በየተራው ዘርግቶ ይቀመጣል። የሕንድ፥ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ነጋድራሱ ቀረጥ ያስከፍላል፤ የነጋዴውንም ክርክር ይዳኛል።

አሞሌው ጨው ሸቀጥም ገንዘብም ነበረ። ከፍ ላለው ዋጋ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ማርትሬዛ ብር ይቈጠራል። 1887 ዓ.ም. የሚል ያለበት የምኒልክ ብር ከወጣ በኋላ እንኳ ነጋዴው ማርትሬዛውን መምረጡን አልተወም።

በዚያ ገበያ ማረሻ፥ ጋን፥ ኮርቻና ሸማ በብርቱ ይፈለግ ነበር። ሠሪው ግን የተናቀ ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ነገር ግን ማረሻውን የቀጠቀጠለትን ሰው ቡዳ ብሎ ይሸሸዋል። እመቤቲቱ ያለ እንስራ ውሃ አታገኝም፤ ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ግን ልጇን አትድርም። ዐፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ የሚነግደውንም ሳይቀር በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ በአንድ ቀን ይነገራል፤ የአንደበት ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም።

ነጠላውን ራሱን እንመልከት። አያቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፥ ነድፈው፥ በእንዝርት ፈተሉ። ሸማኔውም እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ያንኑ ፈትል ሸማ አደረገው። አንዱን ልብስ ሁለት እጆች ሠርተውት ሳለ፥ ፈታይዋ ባልቴት ተብላ ስትከበር ሸማኔው ስለ ምን ተሰደበ? ቅዱስ ጳውሎስስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ድካም አልኖረምን?

ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ያንኑ ሙያ ይዘው ይኖራሉ። ለበዓል ልብስ ልንገዛ ስንሄድ ልጆቻችን ከአጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። ዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ሠሪውን ማቃለል ግን ወግ አይደለም። እንግዲህ ጥለቱን አይተን ከማድነቃችን በፊት፥ እጁን ያደከመበትን ሰው «እግዜር ይስጥልን» እንበለው። ልጁ ይህን ከእኛ ከሰማ፥ አዋጁ በቤታችን ተፈጸመ ማለት ነው።