ያውቁ ኖሯል? የባሌ ተራሮች ደቂቅ አጥቢዎች

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፥ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋው በሳነቴ አምባ ላይ የሚመላለሰው ቀይ ቀበሮ፥ በግርማው የመንገደኛውን ዓይን የሚማርክ ቢሆንም፥ የዕለት ሲሳዩ ከሞላ ጎደል ከአይጥና ከፍልፈል ወገን ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ስለዚህም የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት የእነዚህን ደቂቅ አጥቢዎች ዓይነትና ብዛት ለመመርመር ሲሹ፥ የለውዝ ቅቤ ማባበያ ያኖሩበትን የማይገድል የቆርቆሮ ወጥመድ በተመጠነ ርቀት ይደረድራሉ፤ ጧትና ማታ እየተመላለሱም የተያዘውን መዝነው፥ ጾታውን ለይተው፥ ምልክት አድርገው ይለቁታል፤ ኋላም ዳግመኛ ሲያጠምዱ ከተያዙት መካከል ምልክት ያለባቸው ስንት እንደ ሆኑ አስልተው የመላውን ብዛት ይገምታሉ። ነፍሳት የሚመገቡት አፈ ሾጣጦች ደግሞ አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ በተቀበረ ባልዲ ይያዛሉ።

ከባሌ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኘውና ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ግዙፉ ፍልፈል ግን፥ አብዛኛው ኑሮው ከመሬት በታች ስለ ሆነ፥ እንዲህ ባለ ወጥመድ አይያዝም፤ ስለዚህ ብዛቱ የሚገመተው አዲስ የተከፈቱትን ጕድጓዶቹን በመቍጠር ነው።

በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች፥ ጎልማሶቹ ብቻ ሲቈጠሩ ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ፤ እንግዲህ የአይጡን ቍጥር ያላወቀ፥ የቀበሮውን ዕጣ ሊያውቅ አይቻለውም።