በሽታውን የሚደብቅ ወፍ

ጠዋት በቀቀኑ እንደ ወትሮው አልጮኸም። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ከደን ከፈት እያደረገ ማረፊያ እንጨቱ ላይ ኩርምት ብሏል። አንዱ የቤቱ ሰው «ዛሬ አኩርፏል» ይላል፤ ሌላው «በርዶት ነው» ይላል፤ ልጆቹም ኳስ የመሰለ ደረቱን አይተው «ወፈረ» ይላሉ። የምግብ ሳህኑ ሙሉ ነው። ማታ ላይ ወፉ ከእንጨቱ ወርዶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ጥግ ይዞ ይገኛል። በማግስቱ የሚወራው «ደህና ነበር እኮ፤ ድንገት ሞተብን» የሚል ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በቀቀን ደግሞ በሽታውን መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ጫካ ውስጥ ጭልፊት ዓይኑን የሚጥለው ከመንጋው በደከመችው ላይ ነው፤ ስለዚህ የታመመችው ወፍ አቅሟ እስኪያልቅ ደህና መስላ ከጓደኞቿ ጋር ትበራለች። በኢትዮጵያ ደጋ ጽድ ላይ ፍሬ ሲለቅሙ የሚታዩት ክንፈ ጥቁር ትንንሽ በቀቀኖችም፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የመጣው ግራጫ በቀቀንም ይህን ጠባይ ይጋራሉ። ሰው ቤት ተፈልፍሎ ያደገውም አይረሳውም። ላባውን ነፍቶ የሚታይ በቀቀን ብዙውን ጊዜ ዛሬ የታመመ ሳይሆን ዛሬ መደበቅ ያቃተው ነው።

በንግግር ችሎታው ዓለም ያወቀው ግራጫ በቀቀን አሌክስ እንኳ ሰዎቹን አታሏል። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ ገዝታው፣ 30 ዓመት ያህል ቀለም፣ ቅርፅና ቁጥር ስታስተምረው ኖረች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2007 ጠዋት በ31 ዓመቱ የሽቦ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ሐኪም አይቶት ጤነኛ ብሎት ነበር፤ በኋላ የተነገረው ምክንያት ከደም ሥሮች መደደር ጋር የተያያዘ ድንገተኛ አደጋ ነው። እንዲህ በቅርብ ሲታይ የኖረ ወፍ በሽታው ካልታወቀ፣ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ሰው ዓይኑን ብቻ ቢያምን ሊፈረድበት አይገባም። ግን ከዓይን ሌላ የሚረዱት ነገሮች አሉ።

አንዱ ትንፋሽ ነው፤ የራሱ የባለቤቱ ትንፋሽ። «ሳህኑ ሙሉ ስለሆነ ምግብ አለው» የሚለው እምነት ወፎችን በረሃብ ይገድላል። በቀቀን ፍሬውን በምንቃሩ ይፈለፍልና አስኳሉን በልቶ ገለባውን እዚያው ሳህኑ ላይ ይጥለዋል። ከላይ ለሚያይ ሰው ገለባው ያልተነካ ፍሬ ይመስላል። እፍ ሲባልበት ግን ብን ብሎ ይነሳል፤ ከሥር የሚቀረው አንዳንዴ የሳህኑ ወለል ብቻ ነው። የዚህ ተቃራኒም አለ። የታመመ ወፍ ፍሬ እያነሳ ሲፈለፍል ይውልና አንዱንም ሳይውጥ ያመሻል። ያየው ሰው ሁሉ «ይበላል» ብሎ ይመሰክርለታል።

ይህን የሚያጋልጠው የኩሽና ሚዛን ነው። ግራጫ በቀቀን ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፤ በየሱቁ የምትሸጠው ትንሿ በቀቀን ባጂ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ። ከክብደቱ 10 በመቶ የቀነሰ በቀቀን ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለባጂዋ ይህ ማለት 3 ወይም 4 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው፤ በላባ ተሸፍኖ ማንም አያየውም። ስለዚህ ጠዋት ምግብ ከመቅረቡ በፊት መዝኖ በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ሚዛን የሌለው ሰው የደረቱን አጥንት በጣቱ ይዳስስ። አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ሹል ብሎ ከተገኘ ወፉ ከስቷል።

ሌላው ምስክር ኩሱ ነው። ብዙ ሰው አይቶ ይጠየፋል፣ ጠርጎ ይጥላል። ጤናማ ኩስ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይይዛል፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጠጣር፣ ኖራ የመሰለ ነጭ፣ ጥርት ያለ ውሃ። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ጉበት ሊጠረጠር ይችላል፤ ጠጣሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ሊሆን ይችላል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ከመነስነስ ይልቅ ነጭ ወረቀት ማንጠፍ የሚሻለው ለዚህ ነው።

«ሰውነቱ ይፋጃል፤ ትኩሳት ይዞታልና ይቀዝቅዝለት» የሚለውም ስሕተት ነው። የጤነኛ በቀቀን ሙቀት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሚደርስ ለሰው እጅ ሁልጊዜ ይሞቃል። የታመመ ወፍ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፣ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በሽቦ ቤቱ አንድ ጎን ማስጠጋት ይበቃል፤ ሌላው ጎን ሲሞቀው የሚሸሽበት ይሁን። የከሰል ምድጃ ግን አጠገቡ አይድረስ።

ጭስን በሚመለከት ሰው የሚዘናጋው እሱን ራሱን ወዲያው ስለማይጎዳው ነው። ወፍ ከሳንባው ሌላ ብዙውን ጊዜ 9 የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየሩም በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። ኦክስጅን ቶሎ የሚገባለትን ያህል መርዝም ቶሎ ይገባበታል። የብሪታንያ ከሰል ቆፋሪዎች በሳይንቲስቱ በጆን ስኮት ሃልዴን ምክር ካናሪ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ ልማዱ እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ዘልቋል። በሐበሻ ቤት ቡና ይቆላል፣ ጭሱ እንዲሸተት ይዞራል፣ ዕጣን ከሰል ላይ ይጨሳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ባለ አፓርታማ ደግሞ መስኮቱ ዝግ ነው። ቡናው አይቅር፤ ወፉ ቀድሞ በሩ ወደሚዘጋ ሌላ ክፍል ይሂድ፣ መስኮትም ይከፈት። ከጭሱ የባሰው ቴፍሎን የተቀባ ዕቃ ነው። ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲህ የተቀባ ከሆነ ወፉ ባለበት ክፍል አይጣድ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጅራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ በቀቀን እስከ ነገ የሚቆይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በፍቅር የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት፣ ለብርድ ጠብታ አረቄ፣ ከሰው የተረፈ የአንቲባዮቲክ ዱቄት። ግራጫ በቀቀን የ60 ኪሎ ሰው 150ኛ እጅ ነው፤ የዱቄቱን ልክ በዓይን መገመት አይቻልም። ውሃው ውስጥ ቢበጠበጥም የታመመ ወፍ ውሃ ስለሚቀንስ ምን ያህሉን እንደወሰደ አይታወቅም። በግድ በምንቃሩ የሚንቆረቆር ውሃ ደግሞ፣ የአየር ቧንቧው አፍ ከምላሱ ሥር ስለሆነ፣ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጅ በጣቱ የሚያቀምሰው ስፕሪስም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አቮካዶ አለበት፤ አቮካዶ ውስጥ ያለው ፐርሲን የወፍን ልብ ይጎዳል።

«የወፍ በሽታ ሰው አይዝም» የሚሉ አሉ፤ «ከታመመ ከቤት ይውጣ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አይደለም። ሲታኮሲስ የተባለው በሽታ ክላሚዲያ ሲታሲ በምትባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ ስሙም በግሪክኛ በቀቀን ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አሜሪካ፣ አናፖሊስ ከተማ ውስጥ ለገና ስጦታ የተገዛ በቀቀን ሞተ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1930 ሦስት የቤተሰቡ አባላትም ታመው ተገኙ። በሽታውን እንዲያጠና የተመደበው የመንግሥት ላቦራቶሪ ሐኪም ቻርልስ አርምስትሮንግ ራሱ ታሞ ዳነ፤ ረዳቱ ሄንሪ አንደርሰን ግን ሞተ። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በዚያው ወር በቀቀን ወደ አገሩ እንዳይገባ አገዱ። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ዛሬ ሰውም ወፍም በዶክሲሳይክሊን ይታከማል፤ ለወፉ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ 45 ቀን ያዝዛሉ፣ ተሻለው ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት አይቋረጥም። በሽታው በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ ስለሚተላለፍ ወረቀቱ ከመነሳቱ በፊት ውሃ ይርከፈከፍበታል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል የያዘው የቤቱ ሰው ለሐኪሙ «ቤታችን በቀቀን አለ» ማለት አለበት፤ ካልተናገረ ሐኪሙ ተራ የሳንባ ምች ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ወፉ ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወሰድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ ፎጣ ከሥሩ ተነጥፎለት፣ ከላይ ቀለል ያለ ጨርቅ ለብሶ ይሂድ። የክብደቱ ደብተርም አብሮ ይያዝ። የዚያ ጠዋት ኩስ ያረፈበት ወረቀት ታጥፎ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ሐኪሙ ወፉን ከመንካቱ በፊት የሚጠይቀው እሱን ሊሆን ይችላል።