ፖሰም፦ በትንፋሽ የሚታዘዘው መሣሪያ

ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ኤይልስበሪ ከተማ ስቶክ ማንድቪል የሚባል ሆስፒታል አለ። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ የገቡት አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 የህብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከል የከፈቱት እዚህ ነው። ቀደም ሲል ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሳይቆይ ይሞት ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቻቸውን ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጡ፣ ሥራና ስፖርት እያለማመዱ ብዙዎችን አተረፉ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር የተጀመረውም በ1948 በዚሁ ግቢ ነው።

ከሞት የተረፈው ሰው ግን ገና ከወዳጆቹ ጋር መኖር አለበት። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው አእምሮው ሙሉ ሆኖ እጁም እግሩም አይታዘዝለትም። ለእናቱ ደብዳቤ ለመጻፍ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል፤ ለሚስቱ ሊላት የሚፈልገውንም በቅድሚያ ለነርስ መናገር ይኖርበታል። ሬጅ ማሊንግ የተባሉ እንግሊዛዊ፣ ሕመምተኞችን ለመጠየቅ ወደ ማዕከሉ ሲመላለሱ፣ እነዚህ ሰዎች እርዳታ የሚጠሩት በአፋቸው ፊሽካ እየነፉ መሆኑን አስተዋሉ። ትንፋሽ ፊሽካ ካስጮኸ መሣሪያም ያዛል ብለው ተነሡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖሰም ተሠራ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕመምተኛው አፉ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል። አየር ሲስብ ወይም እፍ ሲል በቱቦው ውስጥ የሚለዋወጠው ግፊት የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይነካል። ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ደወል፣ መብራት፣ ሬዲዮና ስልክ ተደርድረዋል፤ የሚፈልገውንም በትንፋሹ እየመረጠ ያዛል። ከጽሕፈት መኪና ጋር ሲያያዝ ደግሞ የስበቱና የእፍታው ቅንብር ፊደላቱን አንድ በአንድ ይመታል። ደብዳቤው ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የራሱ ነው። ማንም መሃል ገብቶ አልሰማም፣ አላሳጠረም።

ይህ አሠራር ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአንድ ማብሪያ ብቻ ሊታዘዝ ይችላል፤ አንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። በስክሪኑ ላይ ምልክት በተራ ይዘዋወራል፤ የተፈለገው ነገር ላይ ሲደርስ ሕመምተኛው ማብሪያውን ይነካል። ማብሪያው በክርን፣ በጉንጭ ወይም በእግር ጣት የሚነካ ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ በ2021 በካሜራው አማካይነት ፈገግታን፣ ቅንድብ ማንሳትንና አፍ መክፈትን እንደ ማብሪያ መቀበል ጀመረ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ አዳዲስ አይፎኖች በዓይን እንቅስቃሴ ይታዘዛሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ በድምፅ የሚታዘዙ ብዙ አገልግሎቶች አማርኛ ባይሰሙም፣ የክርንና የቅንድብ ትእዛዝ ቋንቋ አይጠይቅም።

በእኛ አገር የአካል ተሃድሶ ማዕከላት የሚገኙት እንደ ባሕር ዳር፣ ደሴና መቀሌ ባሉ ጥቂት ከተሞች ነው። ከገጠር የመጣ ታካሚ ከቤቱ ርቆ ይሰነብታል፤ ልጁ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ሊሆን ይችላል። ጠያቂ በአካል መድረስ በማይችልበት ጊዜ ስልክ የጥየቃውን ወግ ይቀጥላል። ታዲያ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው አስታማሚ ደውሎ ስልኩን ሕመምተኛው ፊት ላይ መደቀኑ ነው። ሕመምተኛው ማን እንደሚያየው አይመርጥም፤ ደክሞት ልዝጋው ቢልም አይችልም። ስትሮክ ንግግሩን የወሰደበት ሰው ደግሞ ቃል ለማውጣት ሲታገል ከወዲያ ማዶ ሁሉም በአንዴ ይናገራሉ።

ስለዚህ በተሃድሶ ላይ ያለ ወዳጅ ካላችሁ፣ ከምግቡ ጋር ስልኩን፣ ቻርጀሩንና አልጋው ላይ የሚታሰር መያዣ ውሰዱለት። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የተደራሽነት ክፍሉን ክፈቱና የትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደሚታዘዝለት ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ተነጋግራችሁ ማብሪያውን ምረጡ። የሚወዳቸውን ሰዎች ፎቶ ከነስማቸው ስክሪኑ ላይ አስቀምጡለት። መናገር ለተሳነው የድምፅ መልእክት ላኩለት፤ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ለመመለስም አይቸኩልም። ከዚያ በኋላ ጥሪውን እሱ ይጀምረው፤ መዝጋቱንም ለእሱ ተዉለት።