ሌክሰስ ለመግዛት ላሰቡ፦ «ሉክሸሪ» የሚለው ስም ስንት ያስከፍላል?

ልጆች ሲበዙና ኑሮ ትንሽ ደልደል ሲል ደህና መኪና መመኘት ያለ ነው። በአትላንታ ዓይን ከሚጣልባቸው አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሸጠው ሌክሰስ አር ኤክስ ነው። ችግሩ፣ ዲለር ቤት ሲደርሱ መኪናው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተራው አለ፣ «ፕሪሚየም» አለ፣ «ሉክሸሪ» አለ።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድነው? በ2023 ሞዴል የሦስቱም ሞተር አንድ ነው። ግጭት ሲቃረብ ፍሬን የሚይዘውና ከጎን የተሰወረ መኪና የሚጠቁመው መሣሪያ በተራውም ላይ አለ። «ሉክሸሪ» የሚጨምረው ለስላሳ የቆዳ ወንበርና በ19 ኢንች ፈንታ 21 ኢንች ጎማ የመሳሰለውን ነው። ትልቁ ጎማ ሲያልቅ መተኪያውም ውድ ነው።

ኪስ የሚደጉመው ልዩነት ሃይብሪዱ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው የቤንዚን መኪና በጋሎን 24 ማይል ሲሄድ ሃይብሪዱ 36 ይሄዳል። በዓመት 15 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው ከ200 ጋሎን በላይ ይተርፈዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሻጩ «በወር ስንት ትችላለህ?» ሲለው ነው። የ5,000 ዶላር ተጨማሪ ዕቃ የጆርጂያ 7 ከመቶ የታይትል ታክስ ሲታከልበት 5,350 ይሆናል። ለ72 ወር ሲካፈል፣ ወለዱ ሳይቆጠር፣ በወር ከ74 ዶላር በላይ ነው። አገር ቤት ላለች እናት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠቅላላውን ዋጋ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የብድሩንም ወለድ አስቀድሞ ከክሬዲት ዩኒየን ማጣራት ይበጃል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና።