ባሕር ዛፍ የማይመልሰው፣ ግራር የሚመልሰው

ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲወጡ የሚቀበልዎ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጥቶ ማገዶ ያጣችውን አዲስ አበባን አትርፏታል፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ነገር ግን ከአፈሩ ይወስዳል እንጂ ናይትሮጅን አይጨምርም። ለብዙ ዓመታት ደግሞ እናቶች ቅጠሉን እየጠረጉ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ለእንጀራ መጋገሪያ ሲያወርዱት፣ ወደ መሬቱ መመለስ የነበረበት ሳይመለስ ቀረ። (በእነርሱ አልፈርድም፤ ልጆች መብላት ነበረባቸው።)

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን እንዲሁ ሊመገበው አይችልም። ባዝራ ግራር፣ ባቄላና ግብጦ በሥራቸው ላይ ባሉ ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ ያስተናግዳሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ከአየሩ ናይትሮጅን ምግብ ያዘጋጃል። ትዳር አይመስልም? ባቄላ ነቅለው እብጠቱን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው።

በአዊ ዞን ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር በእርሻቸው ተክለው፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ቆርጠው፣ በቦታው ጤፍ ሲዘሩ ቆይተዋል። የደከመ መሬት አገገመ፤ ቤተሰብም ገቢ አገኘ። አንድ ዓይነት ዛፍ አገሩን ሲሞላው ግን ለበሽታ መንገድ ይከፈታል፤ በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን ክፉኛ ጎድቶታል።

ስለዚህ በየካም ሆነ በሌላ ቦታ ግቢ ካለዎት ባዝራ ግራሩን ለብቻው ሳይሆን ከጽድና ከወይራ ጋር ቀላቅለው ይትከሉ። ሐምሌ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ችግኙን እስኪጠነክር ከፍየል ይጠብቁት።