ዝም ያለ እባብ ሁሉ ለማዳ ነው እንዴ?

የዚህ እትም የሳይንስ አምዳችን ስለ እባብ ነው። «ምነው ሌላ እንስሳ ጠፋ?» እንዳትሉን። ርዕሱ የመጣው ከእረፍት ሰዓት ክርክር ነው። በስልክ በምናያቸው ቪዲዮዎች ላይ የውጭ አገር ልጆች እባብ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይስቃሉ። አንዳንዱ ልጅ «ጥርሱን አውልቀውለት ነው» አለ። ሌላው ደሞ «እባብ ከለመደ እንደ ድመት ነው፣ ምንም አያደርግም» አለ። ነገሩ ግን ሁለቱም እንዳሉት አይደለም።

አብዛኞቹ በቤት የሚያዙ እባቦች ከመጀመሪያውም መርዝ የሌላቸው ናቸው። ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ነው፣ ማንም አላወለቀውም። ከለመደ የሚለው ደሞ እንደ እባቡ ዓይነት ይለያያል። ውሻ ጌታውን ሲያይ ጭራውን ይቆላል፣ ድመትም መጥታ እግር ላይ ትታከካለች። እባብ እንዲህ አያደርግም። ሰው ሲይዘው የሚጨነቀው ለአንድ ነገር ነው፤ ይሄ የያዘኝ ሊበላኝ ነው ወይስ አይደለም? ደጋግመው በቀስታ ሲይዙትና ምንም ሳይሆን ሲቀር ፍርሃቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ሰው ይወዳል» ከማለት «ሰው ሲይዘው ይታገሣል» ማለት ይሻላል። ትዕግሥቱም እንደ ዘሩ ነው።

በዓለም ላይ በቤት ውስጥ በብዛት ከሚያዙት አንዱ «ቦል ፓይተን» የሚባለው ነው። ትውልዱ አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። ከዘንዶ ወገን ቢሆንም ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ስሙን ያገኘው ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ከቶ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጆች እጃቸው ላይ ሲጠቀለል «አይ እንዴት ይመቸዋል፣ ተኛ!» ይላሉ። እሱ ግን ፈርቶ ነው። ሳይናከስ ስለሚፈራ ብቻ ጥሩ የቤት እባብ ተባለ። ዕድሜውም ረጅም ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያለች አንዲት ቦል ፓይተን ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ጥላለች። ከአብዛኞቹ መምህሮቻችን ትበልጣለች ማለት ነው (ይቅርታ መምህራን)።

«ኮርን ስኔክ» ደሞ የበቆሎ እባብ እንደ ማለት ነው። የአሜሪካ እባብ ነው፤ በእህል ጎተራ አካባቢ አይጥ ስለሚያድን ነው ስሙን ያገኘው የሚሉ አሉ። ይሄኛው እጅ ላይ ዝም አይልም፤ ከጣት ወደ ጣት፣ ከክንድ ወደ ክንድ ይሄዳል። ጀማሪ ሰው ይደነግጣል። ግን ሳይቸኩል ምላሱን እያወጣ የሚሄድ እባብ ብዙ ጊዜ ተረጋግቶ አካባቢውን እየመረመረ ነው፤ ምክንያቱም እባብ በምላሱ ሽታ ይለቅማል። እንግዲህ አያችሁ፣ የሚንቀሳቀሰው ተረጋግቶ፣ ዝም ያለው ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ሰፈራችን ሜክሲኮ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ አገር ነው፤ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች አደባባዩ በስሟ ተሰየመ። የዚያች አገር ሰንደቅ ዓላማ ላይ እባብ የያዘ ንስር አለ። እዚያ ከሚኖሩት እባቦች መካከል «ቦአ» የሚባለው በቤት ይያዛል። ከቦል ፓይተን ይተልቃል፣ ሲለምድም በደንብ ይታገሣል። ግን ከባድ ስለሆነ ልጅ ብቻውን አይይዘውም።

የማይታገሡም አሉ። ዛፍ ላይ የሚኖረው አረንጓዴው ፓይተን በጣም ያምራል፣ ነገር ግን ጥርሱ ረጃጅም ነው፣ መነካትም አይወድም። ባለቤቶቹ እንደ ሥዕል ያዩታል እንጂ አይዳብሱትም። «ኪንግ ስኔክ» ደሞ ሆዳም ነው። ቁጡ ሆኖ ሳይሆን ጣትን ምግብ መስሎት ይነክሳል። በተለይ እጅ አይጥ አይጥ ከሸተተ አለቀ።

ታጋሹም ቢሆን ሁልጊዜ አይታገሥም። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል አይነካም፤ ከተረበሸ የበላውን ያስመልሳል። ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ እንደ ወተት ይነጣል፣ በደንብ ስለማያይ ይደነብራል። ከላይ ሲመጡበትም ይፈራል፤ ጭልፊት የሚመጣው ከላይ ነዋ! ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ከጎን ቀርበው ሰውነቱን ደግፈው ያነሱታል፣ ጭንቅላቱን አይነኩም። በመጨረሻም እጅ በሳሙና መታጠብ ነው፤ እባብ ሳይታመም ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

የእኛ አገር እባቦችስ? በቆላማ ቦታዎች አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር አጭርና ወፍራም የቦአ ዘመድ አለ። እሱን በውጭ አገር ሰዎች በቤት ያሳድጉታል። እጅ ላይ ሲያወጡት ይታገሣል፣ ሐሳቡ ግን ቶሎ ተመልሶ መቀበር ነው። ትልቁ ዘንዶም መርዝ የለውም። እስከ 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ጠባዩም ከትንሹ ዘመዱ ከቦል ፓይተን ጋር አይገናኝም፤ ሲነኩት ይናከሳል።

ዋናው ግን እፉኝት ነው። ወፍራም ነው፣ ቀለሙ ከአፈርና ከደረቀ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ሰው ሲመጣ እንደ ሌሎቹ አይሸሽም፤ አይታየኝም ብሎ ተጋድሞ ይቀራል። ቪዲዮ ያየ ልጅ «ዝም ብሏል፣ ለማዳ ነው» ሊል ይችላል። እፉኝት ግን ዝም ያለው ለምዶ አይደለም፣ ተደብቆ ነው። ሲረገጥ ወይም ሲነካ ዓይን ሳያየው ይነድፋል፣ መርዙም ይገድላል። በክረምት እረፍት ወደ ዘመድ አገር የምትሄዱ ልጆች፣ የእኛን ክርክር እዚያ አትሞክሩት። በማታ ስትወጡ ባትሪ ያዙ፣ ጫማ አድርጉ፣ ድንጋይና እንጨት ስታነሱ እጃችሁን ሳታዩ አትክተቱ።

በነገራችን ላይ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚባለው ትክክል አይደለም። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፣ ወልዳም ትኖራለች። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች፤ በቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ግን አንዷ 156 ወልዳለች!

ሰው ከተነደፈ ምን ይደረግ? ቦታውን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ አይጠቅምም፣ ይጎዳል እንጂ። ቀለበትና ጠባብ ጫማ ይውለቅ፣ የተነደፈው እግር ወይም እጅ አይንቀሳቀስ፣ ሰውየው ሳይሮጥ በተገኘው መኪና ወይም በቃሬዛ ቶሎ ሐኪም ቤት ይድረስ። እባቡን ለመያዝ ማንም አይሂድ፤ ሁለተኛ ተነዳፊ ነው የሚሆነው።

እባብን ሳትፈሩ በቅርብ ማየት የምትፈልጉ ደግሞ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ከእኛ ሰፈር በታክሲ ይደረሳል። ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ በሚቀጥለው እትም ስለ ጉንዳን ስለምንጽፍ የጉንዳን ጥያቄም እንቀበላለን።